የዚህ ሳምንቷ

«የአሁኗ ደግሞ እስከ መቼ ናት?» አሉኝ ጎረቤቴ እትዬ ወርቅዬ።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ወንበራቸውን የፎቃችን መተላለፊያ ላይ አውጥተው፣ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ተቀምጠዋል። እኔ ቆሻሻ ልጥል ስወርድ ነው የያዙኝ።

«እስከ ሐሙስ ናት እትዬ። ሐሙስ ትሄዳለች።»

«ያለፈችዋስ?»

«እሷማ ከሳምንት በላይ ቆየች። አልወደድኳትም። ክብደቷ ጉድ ነው፤ ዳገት ላይ ነፍስ ታስወጣለች።»

«ኧረ በስመ አብ!» አሉና ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። «ይቺኛዋ ትሻላለች?»

«በጣም ትሻላለች፤ ለዓይንም ታምራለች። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ባለቤቷ ይፈልጋታል።»

«ባለቤት አላት?»

«እንዴ! እንዴት አይኖራትም? ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ነው ያለው። ራሱ እኮ ነው እያመጣ የሚሰጠኝ።»

እትዬ ወርቅዬ አማተቡና ፊታቸውን ወደ ደረጃው አዞሩ። እኔም ጨዋታው ሰለቻቸው ብዬ ቆሻሻዬን ይዤ ወረድኩ።

እናንተም እንደሳቸው እንዳትሳሳቱ፤ እኔ የማወራው ስለ ብስክሌት ነው። ስሜ ሰላሁን ነው። ቀን ቀን የግንባታ ዕቃ በሚፈተንበት ላብራቶሪ ውስጥ ብሎኬት በማሽን እጨፈልቃለሁ፤ ምን ያህል እንደሚችል አይቼ «አለፈ»፣ «ወደቀ» እላለሁ። ከሥራ ውጪ ደግሞ የተራራ ብስክሌት እገመግማለሁ። ግምገማ ስል አትደንግጡ፤ አዳራሽ ተዘግቶ ሰው ሂስና ግለሂስ የሚያወርድበት ዓይነት አይደለም። አብዱልወሃብ የሚባል አስመጪ አለ፤ አዲስ ብስክሌት፣ አዲስ ፍሬን፣ አዲስ ማርሽ ሲገባለት ለጥቂት ቀን ይሰጠኛል። እንጦጦ ይዣት እወጣና አሳሯን አሳያታለሁ፤ ጭቃ ውስጥ እከታታለሁ፣ ድንጋይ ለድንጋይ አወርዳታለሁ። ከዚያ ካሜራ ፊት ቁጭ ብዬ ያየሁትን እናገራለሁ። ዩቲዩብ ላይ ነው። የሚያየኝ ሰው ብዙ አይደለም፤ ግን ከሐዋሳም ከባሕር ዳርም «ጋሽ ሰላ፣ ይቺን ልግዛት ወይስ ይቅርብኝ?» የሚሉኝ አሉ።

በኔ አፍ ብስክሌት ሁሌም «እሷ» ናት። ምን ይደንቃል? ሾፌሩስ መኪናውን «እሷ» አይደል የሚለው? የወደዱትን በሴት መጥራት የቋንቋችን ወግ ነው። ችግሩ፣ እትዬ ወርቅዬን ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖባቸዋል። የሰው ጥላ እንጂ ሰው አይታያቸውም፤ ትከሻዬ ላይ ያለው ብስክሌት ይሁን ቁም ሣጥን አያውቁም። ጆሮአቸው ግን አይጣል ነው! እኔ ደግሞ የምቀርጸው መኝታ ቤት ውስጥ ነው፤ ሳሎኑ ባዶ ስለሆነ ያስተጋባል። የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ከሳቸው ጋር የምንጋራው ነው፣ መስኮቱም ወደ መተላለፊያው ነው የሚከፈተው። እንግዲህ አስቡት።

ሳሎኑ ለምን ባዶ ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ሶፋው አለ፣ ቴሌቪዥኑም አለ። የሌለችው ባለቤቴ ናት።

ለተኪዳን ትባላለች፤ ለተ እላታለሁ። ጥቅምት ላይ ልብሷን በአንድ ሻንጣ ሞልታ አብነት፣ እህቷ ደላዊት ቤት ገባች። አልተጣላንም። ዕቃ አልተወረወረም፣ ጎረቤት ለግልግል አልገባም። «ደክሞኛል» ብቻ ነው ያለችኝ። ምን ደከመሽ ስላት፣ «እሱንም መናገር ደክሞኛል» አለች። ይኼ መልስ ነው? እኔ ዝርዝር የምወድ ሰው ነኝ፤ የተሰነጠቀ ነገር ካለ የቱ ጋ እንደተሰነጠቀ ማየት አለብኝ። እሷ ግን አላሳየችኝም።

አብነት ደግሞ ሩቅ ቢሆን ጥሩ ነበር። እኛ ካለንበት ከልደታ በእግር ቢሄዱት ላብ እንኳ አያስወጣም። ሌላ አገር ብትሆን «መንገዱ ነው» እል ነበር። እዚያ ማዶ ሆና፣ እኔ እዚህ ሆኜ፣ አንድ ዝናብ ሁለታችንንም እያበሰበሰን አለመተያየት እንዴት እንደሚከብድ የደረሰበት ያውቀዋል። ከሥራ ገብቼ ቁልፍ ሳዞር «ማነው?» የሚል ድምፅ የለም። እንጀራ ሁለት ሁለት እገዛለሁ፤ ሁለተኛው ይደርቅብኛል። ሰው ሚስቱ ስትሄድ ይጠጣል፣ እኔ ብስክሌት አበዛሁ። አብዱልወሃብ እንኳ፣ «ሰላሁን፣ ምነው ቶሎ ቶሎ ትጠይቀኛለህ? ወንድሜ፣ መርከቡን እኔ አልነዳውም!» ብሎኛል። ምን ልበለው? ብስክሌት ከሌለች ለማን አወራለሁ?

ሁዳዴ ሲገባ ሽማግሌ ላክሁ። ሄደው ሲመለሱ ፊታቸው ፈካ ብሏል። «እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ላስብበት ብላለች፤ እምቢ አላለችም» አሉኝ። አቤት የዚያን ቀን ደስታዬ! ቤቱን አጸዳሁ፣ የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ቀየርኩ፣ መጋረጃ አጠብኩ። ዳግማይ ትንሣኤ አለፈ። ግንቦት ልደታ መጣ፤ የግቢው ሰው ንፍሮውን ቀቅሎ፣ ዳቦውን ቆርሶ ሲጫወት እኔ ከዳር ቆሜ ደረጃውን ሳይ ዋልኩ። አልመጣችም። ሽማግሌዎቹን እንደገና ለመላክ አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ የምጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያቺ ሴት ትመለሳለች ወይስ አትመለስም?

የዚህ ሳምንቷ ብስክሌት የመጣችው በዚህ መሀል ነው። ሰማያዊ ናት። እሑድ ማለዳ እንጦጦ ወሰድኳት፤ ባሕር ዛፉ መሀል ለመሀል ወጥቼ፣ በድንጋያማው በኩል ወርጄ፣ ጭቃዬን ይዤ ቤቴ ገባሁ። ከሰዓት በኋላ መኝታ ቤቱን ዘግቼ ቀረጽኩ። ሲወጣልኝ ይታወቀኛል፤ የዚያን ቀን ቃሉ ራሱ ይመጣልኝ ነበር። ስጨርስ ደስ ብሎኝ ብቻዬን አጨበጨብኩ። ብቻውን የሚኖር ሰው የማይሆነው የለም።

ረቡዕ ከሥራ ስመለስ እትዬ ወርቅዬ በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«ሰላሁን፣ ና እስቲ ወዲህ» አሉኝ። ሁልጊዜ «ልጄ» ነበር የሚሉኝ፤ የዚያን ቀን ቀረ።

«አቤት እትዬ።»

«እኔ በሰው ትዳር የምገባ ሴት አይደለሁም። ግን ይኼን ደብቄ ብሞት ነፍሴም አትማር። ለተኪዳን እሑድ መጥታ ነበር።»

የያዝኩት የእንጀራ ፌስታል ከእጄ ሊወድቅ ነበር።

«የት ነው የመጣችው?»

«እዚሁ ነዋ! ሻንጣዋ ደረጃው ላይ ቋ ቋ ሲል ሰማሁ። ወዲያው በእርምጃዋ አወቅኳት። አንተ ውስጥ ሆነህ ያቺን ሴት ታሞካሻለህ። መስኮትህ ሥር ደርሳ ቆመች። ብዙ ቆመች። ‹ግቢ እንጂ፣ የገዛ ቤትሽ አይደል ወይ› ብላት፣ ‹ይተዉት እትዬ፣ አልረብሸውም› አለችኝ። ከዚያ ያንን ሻንጣ አንሥታ ወረደች። ስትወጣ እየጎተተችው ነበር፤ ስትወርድ ግን ድምፅ እንዳያሰማ ተሸክማው ነው የሄደችው።»

«የቷን ሴት ነው የማሞካሸው እትዬ?»

«ኧረ እፈር! ባለቤቷ ራሱ እያመጣ የሚያስረክብህን ነዋ! እግዚአብሔርን አትፈራም?»

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ጮህኩ።

«እትዬ! ብስክሌት እኮ ናት!»

«ማን?»

«እሷ! የዚህ ሳምንቷ! ባለቤቷ ያልኩዎት ነጋዴው ነው፤ የሱቁ ባለቤት!»

እትዬ ወርቅዬ አላመኑኝም። ገብቼ ብስክሌቷን አወጣሁና እጃቸውን ይዤ መሪዋ ላይ አኖርኩት። ዳበሷት፤ መቀመጫዋን፣ ፔዳሏን፣ ጎማዋን። ከዚያ ሳቃቸው መጣ። ወንበራቸው ላይ ዘፍ ብለው በነጠላቸው እንባቸውን እየጠረጉ፣ «እኔ እኮ በያንዳንዷ ስም ስጸልይልህ ነው የከረምኩት! ‹ይቺን የዳገቷን ነፍስ አድናት› ብዬ ስዕለት ሁሉ ተስያለሁ!» አሉ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

«ታዲያ ምን ትገተራለህ?» አሉ ቀና ብለው። «እሷም እንደኔ ነው የመሰላት። ሩጥ! ብረቷንም ይዘህ ሂድና አሳያት። ሻንጣ ይዛ እስከ በር የመጣች ሴት ልቧ ገብቷል ማለት ነው!»

እውነታቸውን ነው። ሻንጣዋን ይዛ ነበር እኮ! ሊገባ የመጣ ሰው በአንድ ቃል ስሕተት ከበር ተመለሰ፤ ይኼ የሚቃና ነገር ነው። ላብራቶሪም ውስጥ እንደዚህ ያጋጥማል፤ ብሎኬቱ ደህና ሆኖ ማሽኑ ተሳስቶ «ወደቀ» ይልብሃል፤ ደግመህ ስትፈትነው ያልፋል። ደስታው ደረቴን ሞላው። ብቻ ከመሄዴ በፊት ምን እንደሰማች ማወቅ ፈለግሁ፤ ስልኬን አወጣሁና የእሑዱን ቅጂ ከፈትኩ።

የራሴን ድምፅ መስኮት ሥር እንደቆመ ሰው ሆኜ ሰማሁት።

«ሰላም ወዳጆቼ፤ ይኸው የዚህ ሳምንቷን ይዣት መጥቻለሁ። ታምራለች አይደል? በመጀመሪያው ቀን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አልተግባባንም። ደረቀችብኝ። ትንሽ ነገር ባጋጠመን ቁጥር ትዘላለች። ልመልሳት ሁሉ አስቤ ነበር። ግን በአንድ ቀን አይፈረድም። ቁጭ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ፤ ምናልባት እኔ እሆናለሁ ያላወቅኩባት። ለካስ ጥፋቱ የኔ ነው! አሞርዛተሯ ውስጥ ያለው አየር የተሞላው ከኔ ለሚከብድ ሰው ነበር፤ እኔ ሳላስተካክልላት ነው የፈረድኩባት። ትንሽ ባስተነፍስላት እንዴት ለሰለሰች መሰላችሁ! ፍሬኗም ለጊዜው አጥብቆ አይይዝም፤ አዲስ ናታ! አትቆጧት። ቀስ እያላችሁ አለማምዷት፣ ጊዜ ስጧት። ያኔ እሷም ታምናችኋለች።»

ወይ ጉዴ! «አሞርዛተር»ና «ፍሬን» የሚሉትን ቃላት መስኮቱ ከዋጣቸው፣ የቀረው በሙሉ የፍቅር ወሬ ነው። እኔ ራሴ ብሰማው እቀና ነበር። ልብሴን እንኳ ሳልቀይር ብስክሌቷን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ደረጃውን ወረድኩ።

አብነት እስክደርስ ድረስ የምላትን እያሰብኩ እስቅ ነበር። ስንስቅ ይታየኛል። እትዬ ወርቅዬ «ባለቤት አላት?» ያሉኝን ስነግራት ሆዷን ይዛ ስትንፈራፈር ይታየኛል። ሻንጣውን የፊት መሪ ላይ አንጠልጥዬ፣ እሷ ከጎኔ እየሄደች፣ ስንመለስም ይታየኛል። የደላዊትን የቆርቆሮ በር አንኳኳሁ።

ደላዊት ከፈተች። እኔን አየች፣ ብስክሌቷን አየች።

«ምን ልሁን ብለህ ነው?» አለችኝ።

«ለተን ጥሪልኝ። አንድ ነገር ላሳያት ነው።»

«ለተ!» ብላ ተጣራች ዓይኗን ከኔ ሳትነቅል። «ያ ሰውዬ ከነብስክሌቱ መጥቷል።»

ለተ እጇን በፎጣ እያደረቀች ወጣች። ከጥቅምት ወዲህ እንዲህ ቀርቤ አላየኋትም። ከሳ ብላለች፤ ፀጉሯን አሳጥራዋለች፤ አምሮባታል።

«ፀጉርሽን ምነው ተቆረጥሽው?» አልኳት።

«ደህና ነህ ሰላሁን?» አለች።

«ደህና ነኝ። ለተ፣ እሑድ መጥተሽ ነበር አሉኝ። ለምን እንደተመለስሽ አውቄያለሁ። እይ፤ ይቺውልሽ!» ብስክሌቷን ወደፊት ገፋ አደረግኳት። «መስኮት ሥር የሰማሻት ሴት ይቺ ናት! ሰማያዊ ናት፣ ሁለት ጎማ አላት፣ ነገ ለአብዱልወሃብ ትመለሳለች። እትዬ ወርቅዬም እንዳንቺ ተሳስተው ለነፍሷ ሲጸልዩ ከርመዋል! ብስክሌት ናት እኮ ለተ!»

እኔ ሳቅሁ። ለተ አልሳቀችም። ጠጋ አለችና መቀመጫዋን በእጇ ነካ አደረገቻት።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ብስክሌት መሆኗን። ስድስት ዓመት አንድ ቤት ኖሬ፣ ስለ ፍሬን ስታወራና ስለ ሴት ስታወራ መለየት ያቅተኛል?»

ሳቄ አፌ ላይ ቀረ። «ታዲያ ለምን ተመለስሽ?»

«ሴት ብትሆን ኖሮ አንኳኩቼ እገባ ነበር» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ፀጉሯን ይዤ አስወጣት ነበር። አንተንም ሰድቤህ፣ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። ሴት ብትሆን ይሻለኝ ነበር። እኔ ግን ሻንጣዬን ይዤ ቆሜ፣ ‹ጥፋቱ የኔ ነው› ስትል ሰማሁህ። ‹ሳላስተካክልላት ፈረድኩባት› ስትል ሰማሁህ።»

«ለብስክሌት እኮ ነው ያልኩት።»

«እኮ! ለብስክሌት።» ፎጣውን እጇ ላይ ጠቀለለችው። «ሰላሁን፣ እኔ እዚያ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ወጥ ስሠራ ጨው በዝቷል፣ ስስቅ ጮኸሻል፣ ዝም ስል አኩርፈሻል፣ እንግዳ ስቀበል አበዛሽው ነው የምትለው። አንድ ቀን ‹እኔ እሆን ጥፋተኛው?› ብለህ አታውቅም። እኔ ግን አልተቀየምኩህም። ‹ተፈጥሮው ነው፣ ዓይኑ እንከን ብቻ ነው የሚያየው፣ ደግ ቃል አይወጣውም፤ ምን ያድርግ› እል ነበር። አይችልም ብዬ ነው የቻልኩህ። እሑድ ለት ስሰማህ ለካ ትችላለህ። አሳምረህ ትችልበታለህ።»

ከውስጥ ደላዊት፣ «የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል አሉ!» ስትል ሰማኋት። ሌላ ቀን ቢሆን መልስ አላጣላትም ነበር።

እኔ ምን ልበል? ስለ አንድ ፍሬን ሩብ ሰዓት የማወራ ሰው ምላሴ ተጣበቀ። «ጥፋቱ የኔ ነው» ልላት ፈለግሁ፤ ግን አሁን ያን ብናገር ከአፏ ነጥቄ መልሼ ማጉረስ ነው የሚመስልብኝ። ለተ ጠበቀችኝ። እውነትም ጠበቀችኝ፤ ዓይኗ ውስጥ ይታይ ነበር፤ ሻንጣው ገና አልተፈታ ይሆናል።

«እስቲ አንድ ነገር በለኝ» አለች ቀስ ብላ። «አንድ ብቻ። ለሷ እንዳልከው።»

ትንፋሼን ሳብኩ። ደግ ደጉን ልናገር ነበር፤ በልደታ እምላለሁ፣ ልናገር የነበረው ደጉን ነው። አፌን ከፈትኩ።

«ያንቺ ችግር ምን መሰለሽ፣ ለተ…» አልኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ! እዚያው ልውጠው ብሞክርም አልተዋጠም። ለተ አልተቆጣችም። ቢያንስ ብትቆጣ!

«አየህ?» አለችኝ። ያዘነችው ለራሷ ይሁን ለኔ አልለየሁትም። «በል ደህና ግባ።» በሩን እንኳ አልወረወረችውም፤ ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው። መቀርቀሪያው ሲገባ ሰማሁት።

ደግሜ ማንኳኳት እችል ነበር። እጄ ተነሥቶ ነበር እንኳ። ግን ብትከፍተው ምን እንደሚወጣኝ ፈራሁት፤ የገዛ አፌን ፈራሁት። ብስክሌቷን አዙሬ በእጄ እየገፋሁ ቁልቁል ወረድኩ። መንዳት አላሰኘኝም።

አይገርማችሁም? ገና ከሰፈሩ ሳልወጣ ቃሉ መጣ። አንድ በአንድ አይደለም፣ ግር ብሎ ነው የመጣው። አባቴ የሞተ ጊዜ ሰው ሁሉ «በቃ አታልቅስ፣ ወንድ አይደለህም ወይ» ሲለኝ፣ ለተ ብቻ ጠጋ ብላ «አልቅስ» ማለቷ መጣልኝ። ታክሲ ውስጥ ያስነጠሰውን ሁሉ «ይማርህ» ማለቷ። ቤት ስትገባ ከሁሉ በፊት መስኮት መክፈቷ። ውስጤ አልያዝ ብሎኝ ጮክ ብዬ ማውራት ጀመርኩ።

«ቂም አታውቅም» እላለሁ። «ስትስቅ ቤት ይሞላል። ትችላለች። የማይቻል ነገር ችላለች። ጎድሎባት አይደለም፣ እኔ ነኝ ያላየሁላት። ወይኔ፣ እንደሷ ያለ የት ይገኛል!» እንባዬ አንገቴ ድረስ ወርዷል፤ መሪውን በሁለት እጄ ይዤ ስለነበር አልጠረግሁትም።

መንገድ ዳር ጎመን ዘርግታ የምትሸጥ አንዲት ሴት አየችኝ። ብስክሌቷን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«ወይ ጉድ!» አለች። «ወንድሜ፣ ይኼ ሁሉ ለብስክሌት ነው?»

«አይ እናቴ» አልኳት ቆም ብዬ። «ለሚስቴ ነው።»

«እና ለሷ አትነግራትም እንዴ?»

ጎመኗን እያስተካከለች ቀና ብላ ትጠብቀኛለች። ወደ አብነት ብመለስ አፌ ምን እንደሚያወጣ አላውቅም፤ ወደ ቤቴ ብገባ ደግሞ የሚሰማኝ የለም። እዚያው መንገዱ ዳር ብስክሌቷን ደግፌ ቆምኩ።